ፈቃድ ሳይኖር የተሠራ ሥራ ዋጋው የማን ነው?

በድሮው የሙግት ሥርዓታችን መብቱ የተነካበት ሰው ባላጋራውን መንገድ ላይ አግኝቶ «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ የተጠራው ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ «በላ ልበልሃ» ተባብለውም ይሟገታሉ። ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሰው ሠርቷል፤ የሠራው ሥራ በዓይን ይታያል፤ አሠሪው ግን አልከፍልም ብሎታል። በአንዳንድ አገር ሠሪው ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሥራውን ስትሠራ ፈቃድ ነበረህ?» የሚል ነው። መልሱ «አልነበረኝም» ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ሥራው መልካም ይሁን መጥፎ፣ አሠሪው ሐቀኛ ይሁን አታላይ፣ ጉዳዬ ብሎ የሚሰማ ዳኛ የለም።

ያለ ፈቃድ መሥራት ምን ያስከትላል ቢባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የታሸገ በር፣ መቀጮና እስር ነው። እነዚህ ሁሉ መንግሥት ከጥፋተኛው ጋር የሚተሳሰብባቸው መንገዶች ናቸው። የሥራን ዋጋ ማጣት ግን የሚፈጸመው በሁለት ተዋዋዮች መካከል ነው፤ ፖሊስም ተቆጣጣሪም አይፈልግም። ዛሬ የምከራከረው ይህ የመጨረሻው ቅጣት ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ይልቅም ይሠራል ብዬ ነው። ሆኖም ተገቢ የሚሆነው ፈቃዱ ሕዝብን ከአደጋ ለመጠበቅ የወጣ ሲሆን ብቻ ነው። ፈቃዱ የገቢ መሰብሰቢያ ወይም ነባር ነጋዴዎች ለራሳቸው ያሳጠሩት የገበያ አጥር ከሆነ፣ የሰው ላብ የፈሰሰበትን ዋጋ መከልከል ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ንጥቂያ ይሆናል።

ስለ ፈቃድ በጥቅሉ መናገር ጉም መጨበጥ ስለሆነ አንድ የታወቀ ሕግ ላይ ቆሜ ልነሣ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የሥራ ተቋራጮችን ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር ቦርድ አለ፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በሙያው ቢያንስ የ4 ዓመት ልምድ ማስረዳት፣ የሙያና የሕግ ፈተና ማለፍ፣ የጣት አሻራ ሰጥቶ መመርመር፣ እንዲሁም ከ2023 ወዲህ የ25,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ ይጠበቅበታል። ትንንሽ ሥራዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ወሰኑ የጉልበትና የዕቃ ዋጋ ተደምሮ 500 ዶላር ነበር፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ሠሪው ረዳት ካልቀጠረና ሥራው የግንባታ ፈቃድ የማይጠይቅ ከሆነ ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ያለ ፈቃድ የተዋዋለ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን እስከ 6 ወር እስርና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ አለው። ይህ ለሰሚው የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው በዚያው የሕግ መጽሐፍ በአንቀጽ 7031 የተጻፈው ነው፤ ሥራው ሲሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈቃድ እንደነበረው ማስረዳት የማይችል ተቋራጭ ለክፍያ ክስ ማቅረብ አይችልም ይላል። ሕጉ አክሎም የጉዳዩ ፍሬ ነገር ምንም ይሁን ምን ይላል።

ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚጠብቅ በ1991 በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታየ። ፓልም ስፕሪንግስ በተባለችው የበረሃ ከተማ የውኃ መዝናኛ ይሠራ ነበር። ሰው ሠራሽ ማዕበል የሚያስነሣውን መሣሪያ የሚያመርተው ሃይድሮቴክ የሚባል የኒውዮርክ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እንደሚለው በካሊፎርኒያ ፈቃድ ስለሌለው የተከላውን ሥራ ለመቀበል አመንትቶ ነበር፤ የመዝናኛው ባለቤቶች ግን ያለ አንተ አይሆንም፣ እንከፍልሃለን ብለው አግባቡት፤ ሲዋዋሉም ያንን ገንዘብ ሊከፍሉት አላሰቡም። ማዕበሉ ተነሣ፤ ቀሪው ክፍያ ግን አልመጣም። ኩባንያው በውል ብቻ ሳይሆን በማታለልም ጭምር ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ክሱ ውስጥ የተባለው ሁሉ እውነት ነው ብንል እንኳ አይከፈለውም አለ። ያለ ፈቃድ የሚሠሩትን ተስፋ ማስቆረጥ በዚህ ኩባንያ ላይ ከሚደርሰው በደል ይበልጣል ማለቱ ነው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ በዲዝኒላንድ ለሚሠራ ሆቴል የመዋቅር ብረት ሥራ የያዘ ንዑስ ተቋራጭ ጉዳይ ቀረበ። ይህ ተቋራጭ ሥራውን ሲጀምር ፈቃድ አልነበረውም፤ በቀናት ልዩነት አገኘና የቀረውን ሁሉ በፈቃድ ሠራ። «ቢያንስ ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ የሠራሁት ይከፈለኝ» ብሎ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ሥራው አንድ ነው፣ ተቆራርጦ አይታይም ብሎ ለመዋቅር ሥራው ሁሉንም ከለከለው። ጾመኛ በፋሲካ ዋዜማ አንዲት ጉርሻ ቀድሞ ቢበላ ሁዳዴውን በሙሉ ፈታ እንደማለት ነው። ነገሩ ያስፈግጋል፤ የቀረው ገንዘብ ብዛት ግን የሚያስፈግግ አልነበረም።

በዚህም አላበቃም። በ2001 የግዛቲቱ ምክር ቤት ሌላ ንዑስ አንቀጽ ጨመረ፤ ፈቃድ የሌለው ተቋራጭ የተቀበለውን ገንዘብ አሠሪው ከስሶ በሙሉ ማስመለስ ይችላል ይላል። እስከዚያ ድረስ የተዘጋው የተቋራጩ በር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለአሠሪው አዲስ በር ተከፈተ። አሠሪው ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት አያስፈልገውም። በ2010 አንድ የይግባኝ ችሎት በሳን ዲዬጎ አካባቢ ግቢውን በተቋራጭ ያሳመረ ሰው ገንዘቡን እንዲያስመልስ ፈረደ፤ ባለቤቱ ተቋራጩ ፈቃድ እንደሌለው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር መባሉ ፍርዱን አልለወጠውም። ለድንጋይና ለተክል መግዣ የወጣው ገንዘብ እንኳ አልተቀነሰም። ሕጉ ትልልቆቹንም አልማረም። በ2015 የታየ ጉዳይ ላይ ከሳሹ ራሱ የግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ነበር። የፍርድ ቤት ሕንፃዎችን የሚጠግንለት ትልቅ ድርጅት ሠራተኞቹን ወደ ሌላ እኅት ኩባንያ አዛውሮ የቀድሞው ፈቃድ እንዲያልፍ ሲተው፣ አስተዳደሩ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይመለስልኝ አለ። የይግባኝ ችሎቱ ሕጉ ተጥሷል አለ፤ ድርጅቱ በቅን ልቦና ሕጉን ለማክበር ጥሮ እንደሆነ ግን ይጣራ ብሎ ወደ ታች መለሰው። ሕጉ ያስቀመጠው ጠባብ መውጫ ይህ ነው፤ ቀድሞ ፈቃድ የነበረው፣ ፈቃዱ እንዳይቋረጥ በቅንነት የጣረና ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ያስተካከለ ሰው ይታለፋል። ከጅምሩ ፈቃድ ኖሮት ለማያውቅ ሰው ይህም መውጫ ዝግ ነው።

እንዲህ ያለ ጭካኔ ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። ዳቦ የሸጠ ሰው ዳቦው ሻጋታ ቢኖረው ገዢው ያያል፤ ያሸተዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን በግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በልስን ይሸፈናል፤ የመሠረት ብረት ኮንክሪት ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ስሕተቱን የሚያየው እሳት ሲነሣ ወይም ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱን ለሌላ ሸጦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕጉ የሚጠብቀው የተዋዋለውን ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንና የወደፊት ገዢውን ጭምር ነው። «ሥራዬ ጥሩ ከሆነ ምን አጠፋሁ?» የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው ይህ ነው። ጥሩነቱን በኋላ ለማረጋገጥ ልስኑን መቅደድ፣ መሐንዲስ መቅጠር፣ ፍርድ ቤት መመላለስ ያስፈልጋል። ፈቃድ ይህን ምርመራ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ በርካሽ መፈጸሚያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አደጋ ሲደርስ የሚወድቅበት ትከሻ ነው። በ1985 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ይህን ያሳያል። ፈቃድ የሌለው ተቋራጭ በሰው ቤት ሲሠራ ይጎዳል። ፈቃድ ቢኖረው ራሱን የቻለ ነጋዴ ስለሆነ ጉዳቱ የራሱ ነበር፤ ፈቃድ ስለሌለው ግን ሕጉ የባለቤቱ ተቀጣሪ አድርጎ ቆጠረውና የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ በባለቤቱ መድን በኩል ተጠየቀ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ርካሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ የተደሰተው ባለቤት ሳያውቅ አሠሪ ሆኗል፤ የአሠሪ ግዴታም ሁሉ ተከትሎት መጥቷል። ሦስተኛውና ለኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ምክንያት ደግሞ አስፈጻሚ የማይፈልግ መሆኑ ነው። በየመንደሩ ተቆጣጣሪ ማቆም አይቻልም፤ ቢቻልም ተቆጣጣሪውን የሚቆጣጠር ያስፈልጋል። ክፍያው ግን ያለ ፈቃድ በተሠራ ሥራ ላይ ሁሉ አለ። ተቋራጩ እያንዳንዱን ዶላር ሲቀበል «ይህ ሰው ነገ ቢከሰኝስ?» ብሎ እንዲያስብ ካደረግኸው፣ ቁጥጥሩ በራሱ ኪስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲም ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ፈቃድ የሌለው የቤት አዳሽ ሥራው ሳያልቅ ክፍያ ከተቀበለ በውሉ መሠረት መጠየቅ አይችልም፤ የሥራዬ ግምት ይሰጠኝ ማለትም አይፈቀድለትም።

የተቃዋሚዎችን ድምፅ ግን በጥሞና መስማት አለብን፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለምና። ይህ ሕግ አታላይ አሠሪ ይፈለፍላል ይላሉ። ፈቃድ እንደሌለህ እያወቀ ይቀጥርሃል፣ በርካሽ ያሠራሃል፣ ጣሪያው ሲደፈን «የታለ ፈቃድህ?» ይልሃል። ሕጉ የአንዱን ጥፋት ሲቀጣ ሌላውን ጥፋተኛ ይሸልማል። የሃይድሮቴክ ጉዳይም ሆነ የሳን ዲዬጎው ግቢ ይህን ይመስላሉ። እኔም በከፊል እስማማለሁ፤ በከፊል ያልሁት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለተቀላቀሉ ነው። ፍርድ ቤት ገብቶ ክፍያ መጠየቅን መከልከል ጋሻ ነው፤ ሕዝቡ ሕግ በጣሰ ውል የተነሣ በፍርድ ቤት እንዳይገደድ ይከላከላል። የተከፈለን ገንዘብ ማስመለስ ግን ሰይፍ ነው። አሠሪው እያወቀ ገብቶበት፣ ሥራው ደህና ሆኖ ሳለ፣ ዕቃ ሻጩና ቀን ሠራተኛው የበሉትን ገንዘብ ሳይቀር ከተቋራጩ መልሶ መውሰዱ ከፈቃዱ ዓላማ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከመከልከል የበለጠ ያስፈራል ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ያስፈራል። ነገር ግን ማስፈራት ብቻውን የሕግ ልክ ከሆነ እጅ መቁረጥም ያስፈራል። ጋሻውን እደግፋለሁ፤ ሰይፉን ግን ላላወቀ ወይም ለተጎዳ አሠሪ ብቻ በሆነ እላለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወደ ክርክሬ እምብርት ያስገባናል፤ ሁሉም ፈቃድ አንድ ነው ወይ የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ቀድመው የጠየቁት የእንግሊዝ ዳኞች ናቸው። በ1836 አንድ የለንደን የአክሲዮን ደላላ የድለላ ዋጋዬ ይከፈለኝ ብሎ ከሰሰ፤ በከተማይቱ ሕግ የሚፈለገው ፈቃድ አልነበረውም። ባሮን ፓርክ የተባሉት ዳኛ ፈቃዱ የወጣው ገንዘቡን ለደላላ አደራ የሚሰጠውን ሕዝብ ለመጠበቅ ነው ብለው ከለከሉት። በ1845 ደግሞ ያለ ፈቃድ ትምባሆ የሸጠ ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ ጠየቀ። ያው ዳኛ የተቀመጡበት ችሎት ይከፈለው አለ። የትምባሆው ፈቃድ ዓላማ ለመንግሥት ገቢ ማስገባት ነው፤ ነጋዴው ፈቃድ ባለማውጣቱ ለመንግሥት መቀጮውን ይክፈል፤ ትምባሆውን አጭሶ የጨረሰው ሰው ግን በምን ሒሳብ በነፃ ይሄዳል? ሁለቱም ያለ ፈቃድ ሠርተዋል፤ አንዱ አጣ፣ አንዱ አገኘ። የሚለያቸው ወረቀቱ የታሰበለት ዓላማ ነው። የአሜሪካ የውል ሕግም ይህንኑ ልዩነት ወርሶ እስከ ዛሬ ይዞታል። ለኔ ይህ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የተሠራ መስፈሪያ ዛሬ ካሉት ብዙ አዋጆች የተሻለ ነው።

መስፈሪያው ካልተያዘ ምን እንደሚመጣ የሹሩባ ጉዳይ ይናገራል። በአሜሪካ ከተሞች ሹሩባ እየሠሩ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያትና ሌሎች አፍሪካውያት ብዙ ናቸው። ጸጉር መጎንጎን እናት ለልጇ የምታስተምረው ሙያ ነው፤ መቀስ የለውም፣ ኬሚካል የለውም፣ እሳት የለውም። በካሊፎርኒያ ግን ሹሩባ ለመሥራት የሙሉ የውበት ባለሙያ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ ለዚያ 1,600 ሰዓት ትምህርት ያስፈልግ ነበር። ትምህርቱ ጸጉር መቁረጥን፣ ማቅለምንና በኬሚካል ማለስለስን ያስተምር ነበር፤ ሹሩባን ግን የረሳው ይመስላል። በ1999 በሳን ዲዬጎ ያለ የፌዴራል ዳኛ ይህ ግዴታ ለሹሩባ ሠሪዎች ምክንያት የለውም አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ነፃ አደረጋቸው። በዩታ ደግሞ የሚጠየቀው 2,000 ሰዓት ነበር፤ እሱም ከሴራሊዮን በስደት በመጣች አንዲት ጎንጓኝ ክስ በ2012 ወደቀ። እንዲህ ባለ ፈቃድ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ጎንብሳ የሠራች ሴት ዋጋዋን ብትከለከል የትኛው ሕዝብ ከየትኛው አደጋ ተጠበቀ? ስለዚህ ፈቃድ ድሃውን ያገልላል ለሚሉ ወገኖች መልሴ ይህ ነው፤ ትክክል ናችሁ፣ ግን መድኃኒቱ ሕጉ የሚያስከትለውን ቅጣት ማላላት አይደለም፤ ፈቃድ የማያስፈልገውን ሥራ ከፈቃድ ማውጣት ነው። ጣሪያ የሚሰቅለውንና ጸጉር የምትጎነጉነውን በአንድ ቋጠሮ ያሰረ ሕግ አውጪ ኋላ ሁለቱንም ለመቅጣት ይቸገራል።

ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ የመረጥነው መንገድ በአብዛኛው የወንጀል መንገድ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 686 ያለ ጸና የንግድ ፈቃድ የነገደን ሰው ሸቀጡና መሣሪያው መወረሱ እንዳለ ሆኖ ከ150,000 እስከ 300,000 ብር መቀጮ፣ በተጨማሪም ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገበት። አዋጁ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 980 ተተክቷል፤ ቁጥሩን የማነሣው የሕግ አውጪን አስተሳሰብ ስለሚያሳይ ነው። ከ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጋር አስተያዩት። በአንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ በመደበኛው ሁኔታ የሚጠብቀው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ሲታይ ያለ ፈቃድ ሱቅ የከፈተ ሰው በቸልተኝነቱ ነፍስ ካጠፋው የበለጠ ወንጀለኛ ሆኖ ነበር። አዋጁ ደግሞ ሻጩን፣ ተቋራጩንና ጋራዥ የከፈተውን በአንድ ሚዛን አስቀምጧቸዋል። እንዲህ ያለ ሰማይ የነካ ቅጣት ሕዝቡን ይጠብቃል ብዬ አላምንም። ዳኛ ሰባት ዓመት መፍረድ ይከብደዋል፤ ዐቃቤ ሕግ መክሰስ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ቅጣቱ አብዛኛውን ጊዜ በመዝገብ ላይ ይተኛል፤ የነቃ ዕለት ደግሞ የሚነቃው በተመረጠ ሰው ላይ ነው። በዚህ መሐል የሰባት ዓመት እስር ማስፈራሪያ በእጁ የያዘ ተቆጣጣሪና የሚፈራ ነጋዴ ሲገናኙ ምን እንደሚደራደሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከበድ ያለ ቅጣት የሚያስነሣው የሙስና ገበያም ከበድ ያለ ነው።

አንድ ልዩነት ግን ላስቀምጥ። ሕይወትን በቀጥታ የሚነካ ሙያ ሲሆን ወንጀል ተገቢ ነው። ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 535 የሚጠየቀው የሙያ ብቃት ሳይኖረው ሕመምተኛ የሚያክመውን ይቀጣል፤ ሐኪም ነኝ ብሎ መርፌ የሚወጋን ሰው «ዋጋህን ታጣለህ» ብቻ ብሎ መሸኘት ቀልድ ነው። ጥያቄዬ በዚህ ጫፍና በሹሩባው ጫፍ መካከል ስላለው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ስለ ተቋራጩ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ስለ ደላላው።

ለዚያ ሜዳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መነሻ የሚሆኑ ቁሳቁሶች አሉት። አንቀጽ 1716 የተዋዋዮቹ ወይም የአንዳቸው ግዴታ ሕገ ወጥ የሆነበትን ውል ውጤት ያሳጣዋል፤ አንቀጽ 1808 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል እንዲፈርስ ማንኛውም ተዋዋይ ወይም ጥቅም ያለው ሰው መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በአንቀጽ 1815 ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ታዲያ የተገነባ ግድግዳ እንዴት ወደ ነበረበት ይመለሳል? ሕጉ ይህን አስቦበታል፤ መመለሱ የማይቻል ወይም ትልቅ ችግር የሚያስከትል ሲሆን የተፈጸመው ሥራ እንዲጸና አንቀጽ 1817 ይፈቅዳል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ አንቀጽ 2162 ቆሟል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሌላ ሰው ሥራ ወይም ንብረት ጥቅም ያገኘ ሰው በተጠቀመበት መጠን ይካሥ ይላል። የካሊፎርኒያ ዳኛ «ምንም» ሲል፣ የኛ ሕግ መንፈስ «የተጠቀምህበትን ያህል» ወደ ማለት ያዘነብላል። ለተጎዳ ደንበኛም መንገድ አለ፤ በአንቀጽ 2035 መሠረት ግልጽ የሕግ ድንጋጌ የጣሰ ሰው በዚያው ጥፋተኛ ነው፣ ሕጉን አላውቅም ማለትም አያድነውም። ሽቦው ተቃጥሎ ቤቱ የነደደበት ሰው የሠሪውን ቸልተኝነት ለማስረዳት ብዙ አይደክምም፤ ያለ ፈቃድ መሥራቱን አሳይቶ ቃጠሎው ከዚያ ሥራ መምጣቱን ማስረዳት ላይ ያተኩራል።

«የተጠቀምህበትን ያህል» የሚለው መልስ ለሰው ልብ ይቀርባል፤ ጉድለት ግን አለበት። ያለ ፈቃድ የሠራው ሰው የሥራውን ሙሉ የገበያ ዋጋ በዚህ በር ካገኘ ፈቃድ ያወጣው ምን ተጠቀመ? ፈተናውን ተፈትኖ፣ ዋስትናውን አስይዞ፣ ግብሩን ከፍሎ ሳለ፣ ተወዳዳሪው ግን ያለ ምንም ወጪ እኩል ይበላል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት የግንባታ ሕግ ለዚህ መላ አበጅቷል። ያለ ፈቃድ የገነባ ሰው ለዕቃና ለቀጠራቸው ሠራተኞች በእርግጥ ያወጣውን ተገቢ ወጪ መጠየቅ ይችላል፤ ለራሱ ጉልበትና ለትርፉ ግን ሳንቲም አያገኝም። ሲሚንቶ ሻጩ አይከስርም፣ ቀን ሠራተኛው አይራብም፣ አሠሪው በነፃ ቤት አያገኝም፤ ሕጉን ያላከበረው ሰው ብቻ ወራቱን በከንቱ ያሳልፋል። እኔ ለአገራችን የምመኘው ይህን የመሰለ ድንጋጌ ነው፤ በአንቀጽ 2162 ላይ ሊሰካ የሚችል፣ ፈቃዱ ሕዝብን የሚጠብቅ በሆነበት ሥራ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ተራውን የሱቅ ፈቃድ ግን ለመቀጮ የሚተው። እርግጥ ዳኛው የትኛው ፈቃድ ሕዝብን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ገቢ እንደሚሰበስብ መለየት ይቸገራል የሚል ይኖራል፤ ብዙ ፈቃዶች ሁለቱንም ናቸውና። መለያው ያን ያህል ስውር አይደለም። ፈቃዱን ለማግኘት የሚጠየቀው ዕውቀት፣ ፈተና፣ መድን ወይም ዋስትና ከሆነ ሕዝብን ይጠብቃል፤ የሚጠየቀው ክፍያና የቤት ኪራይ ውል ብቻ ከሆነ ይህ ፈቃድ ደረሰኝ ነው።

በመጨረሻ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ድንበር አለ። በካሊፎርኒያ ሕግ በደመወዝ የሚቀጠር ሠራተኛ ተቋራጭ አይደለም፤ አለቃው ፈቃድ ባይኖረውም የእሱ ደመወዝ ደመወዝ ነው፣ ተከልክሎም ከሆነ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ይችላል። ሎስ አንጀለስ ገብቶ ከቀለም ቀቢ ጋር በረዳትነት የጀመረ ወጣት በዚህ ጥላ ሥር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻው መሥራት ሲጀምር፣ የአንዲት ክፍል ግድግዳ በ800 ዶላር ቢቀባ አሁንም ከጥላው አልወጣም። አንድ ቀን ግን የሚያውቁት ሰው «ቤቱን በሙሉ በ3,000 ዶላር ቀባልኝ» ይሉታል፤ እሱም እሺ ይላል። ብሩሹ ያው ነው፣ ቀለሙም ያው ነው፤ እሱ ግን በሕጉ ዓይን ተቋራጭ ሆኗል። ባለቤቱ ባይከፍሉት የሚከስበት ፍርድ ቤት የለውም። ቢከፍሉትም ነገሩ አያልቅም፤ በ2020 በተሰጠ የይግባኝ ፍርድ መሠረት ሥራው ካለቀ ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ያንን 3,000 ዶላር መልሱልኝ ብለው የሚከሱበት አንድ ዓመት አላቸው።